ሁለት ደቂቃ ለአንድ ጥያቄ፦ የጂማት ሒሳብ ከየት መጣ?

ባንክ የሚሠራ አንድ ጓደኛ አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ ይህን ካነበበ ራሱን ያውቃል። ቁጥር ላይ እንደሱ ያለ ሰው አላየሁም። ስድስት ሰው ሆነን ምሳ በልተን ሒሳብ ሲመጣ፣ አስተናጋጁ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ሳያሳርፍ የየድርሻችንን ከነጉርሻው ይነግረናል። ይኼ ሰው ታዲያ ውጭ አገር ኤም ቢ ኤ ልማር ብሎ ጂማት የሚባለውን የቢዝነስ ስኩል መግቢያ ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈተነ። ሁለቱንም ጊዜ የጣለው ምን ይመስላችኋል? እንግሊዝኛው እንዳትሉኝ። ሒሳቡ ነው።

መጀመሪያ ሲነግረኝ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የሚያጠናበትን መጽሐፍ አሳየኝ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ኮፒ የተደረገ፣ በጥቁር ፕላስቲክ የተጠረዘ፣ ግማሹ ገጽ የተንጋደደ፣ ከመልሱ ክፍል ደግሞ አራት ገጽ የጎደለው። ገልጬ ባየው ውስጡ ያለው ሒሳብ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ነው። ክፍልፋይ፣ ፐርሰንት፣ ሬሾ፣ አማካይ፣ ሦስት ማዕዘን። ካልኩለስ የለም። ትሪጎኖሜትሪ የለም። ይኼ ነው እንዴ የባንክ ሠራተኛ የሚጥለው? ነገሩ ስላልተዋጠልኝ የፈተናውን ታሪክ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ያገኘሁትን እነሆ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ ላሰለቻችሁ አልፈልግም።)

አሜሪካኖች ንግድን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። ዋርተን በ1881 ተከፈተ፤ የዳርትማውዙ ታክ በ1900 ተከተለ፤ ሃርቫርድ ደግሞ በ1908 ኤም ቢ ኤ የሚባለውን ዲግሪ ይዞ መጣ። ያኔ ተማሪ የሚመረጠው በአብዛኛው በኮሌጅ ውጤቱና በሚያቀርበው የድጋፍ ደብዳቤ ነበር። አመልካቹ ጥቂት ስለነበር ማንም አልተጨነቀም። ጭንቀቱ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1944 የወጣው ሕግ ከጦር ሜዳ ለሚመለሱ ወታደሮች የትምህርት ወጪ መንግሥት እንዲከፍልላቸው አደረገ። የገበሬው ልጅ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ልጅ፣ በምንም ተዓምር ኮሌጅ ደጃፍ አይደርስም የተባለው ሁሉ ተሰልፎ መጣ። ታዲያ በየስቴቱ ካለው ስሙ ካልተሰማ ኮሌጅ የመጣን “ኤ” ከትልቁ ኮሌጅ “ቢ” ጋር በምን ታወዳድረዋለህ?

አሜሪካኖች ለዚህ የሰጡት መልስ ፈተና ነው። የፈተና ነገር ለእነሱ አዲስ አልነበረም። ኤስ ኤ ቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በ1926 ያዘጋጀው ካርል ብሪገም የተባለ የፕሪንስተን የሥነ ልቦና ምሁር ነው። ሰውዬው ከዚያ በፊት፣ በ1923፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን የፈተና ውጤት ተንተርሶ የሰው ዘር በአእምሮ ይበላለጣል የሚል መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በ1930 ራሱ ተሳስቻለሁ ብሎ በጽሑፍ መለሰው። (መመለሱ ጥሩ። መጽሐፉን ያነበቡት ሁሉ መመለሱን አንብበዋል ወይ ነው ጥያቄው።) በ1947 መጨረሻ ላይ ደግሞ ኢ ቲ ኤስ የተባለው የፈተና ድርጅት ተቋቋመ። መሪው ቀድሞ በሃርቫርድ ረዳት ዲን የነበረው ሄንሪ ቾንሲ ነበር። የሰውን ችሎታ እንደ ቁመትና እንደ ክብደት መለካት ይቻላል ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ነው።

እንግዲህ በመጋቢት 1953 የዘጠኝ ቢዝነስ ስኩሎች ተወካዮች ከኢ ቲ ኤስ ጋር ተሰበሰቡ። ኮሎምቢያ፣ ሃርቫርድ፣ ኖርዝዌስተርን፣ ረትገርስ፣ ሲተን ሆል፣ ቺካጎ፣ ሚሺጋን፣ ፔንሲልቬኒያ እና የሴንት ሉዊሱ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ። ለሁላችንም የሚሆን አንድ ፈተና ይኑረን አሉ። ስሙን “ለቢዝነስ የድኅረ ምረቃ ትምህርት መግቢያ ፈተና” አሉት፤ ጂማት የሚለው ስም የመጣው በ1976 ነው። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በየካቲት 1954 ሲሆን በመጀመሪያው ዓመት የተፈተነው ሰው ከሁለት ሺህ ብዙም አይበልጥም ነበር። ሁለት ሺህ ሰው! ዛሬ አንድ የእኛ ከተማ ባንክ የጀማሪ ሠራተኛ ማስታወቂያ ቢያወጣ በአንድ ጠዋት ይሰለፍለታል።

ግን ለምን ሒሳብ? ነጋዴ የሚፈልገው መደመርና መቀነስ አይደለም ወይ? እዚህ ጋ አንድ ሌላ ታሪክ ማንሳት አለብኝ።

በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ጦር አየር ኃይል አውሮፕላኑን፣ ቦምቡን፣ መለዋወጫውንና አብራሪውን በቁጥር የሚከታተል ክፍል አቋቁሞ ነበር። የዚህን ክፍል መኮንኖች ያሠለጠነው የሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ነው። ከመምህራኑ አንዱ ሮበርት ማክናማራ የሚባል ወጣት የአካውንቲንግ አስተማሪ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ከዚያ ክፍል የወጡ አሥር ሰዎች አንድ ላይ ሆነው በ1946 ፎርድ መኪና ፋብሪካ ገቡ። ፎርድ ያን ጊዜ ሒሳቡ የተዘበራረቀ፣ ገንዘቡ በየወሩ የሚፈስ ድርጅት ነበር። ልጆቹ በቁጥር አቃኑት። ማክናማራ በ1960 የፎርድ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ በ1961 ኬኔዲ መከላከያ ሚኒስትር አደረገው። እዚያ ሄዶ የቬትናምን ጦርነት በቁጥር ሊያሸንፍ ሲሞክር የሆነውን ታውቁታላችሁ። ያ ግን በኋላ የመጣ ነው። በ1950ዎቹ የነበረው ስሜት፣ በቁጥር ማሰብ የሚችል ሰው ማንኛውንም ነገር ማስተዳደር ይችላል የሚል ነበር።

በ1959 ደግሞ ሁለት ጥናቶች በአንድ ዓመት ወጡ። አንዱን ፎርድ ፋውንዴሽን፣ ሌላውን ካርኔጊ ያስጠኑት ነው። የፎርዱን የጻፉት ጎርደንና ሃዌል የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች ሲሆኑ፣ የካርኔጊው የፒየርሰን ነው። ሁለቱም የተናገሩት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ቢዝነስ ስኩሎቻችን ደካማ ናቸው፣ ተማሪውም ትምህርቱም ቀሏል፣ ሒሳብና ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሚክስና የሰው ባሕርይ ሳይንስ ይግባባቸው አሉ። ፎርድ ፋውንዴሽን ማለቱ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡንም አፈሰሰ። ትምህርት ቤቶቹ ተሯሩጠው ሞዴልና ቀመር የሚያስተምሩ ፕሮፌሰሮች ቀጠሩ። ክፍል ውስጥ ሒሳብ ካለ ደግሞ በር ላይም ሒሳብ መኖሩ የግድ ነው። ለእኔ የፈተናው የሒሳብ ክፍል ያን ያህል ክብደት ያገኘበት ምክንያት ይኼ ነው፤ ቢዝነስ ስኩሎቹ ራሳቸው ሒሳብ አታውቁም ተብለው ስለተሰደቡ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ጂማትን ከሌላው የሒሳብ ፈተና ሁሉ የሚለየው አንድ የጥያቄ ዓይነት አለ። በእኛ ቋንቋ “መረጃው ይበቃል ወይ?” ብንለው ይሆናል። ጥያቄ ይቀርብልሃል፤ ከሥሩ ሁለት መረጃ ይሰጥሃል። የሚጠበቅብህ መልሱን ማግኘት አይደለም። መልሱን ለማግኘት የትኛው መረጃ እንደሚበቃ መናገር ብቻ ነው። ምርጫዎቹም ሁልጊዜ አምስት ናቸው፤ አንደኛው ብቻውን ይበቃል፣ ሁለተኛው ብቻውን ይበቃል፣ ሁለቱ ሲደመሩ ይበቃል፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ይበቃል፣ ሁለቱ ተደምረውም አይበቃም።

ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ከራሴ የፈጠርኩት ነው። የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ስንት ነው? አንደኛ መረጃ፦ ሁለት ቡናና ሦስት ማኪያቶ 190 ብር ነው። ሁለተኛ መረጃ፦ አራት ቡናና ስድስት ማኪያቶ 380 ብር ነው። በደንብ የተማረ ልጅ ወዲያው “ሁለት የማይታወቅ፣ ሁለት እኩልታ፣ ሲደመሩ ይበቃሉ” ብሎ ያልፋል። ተበላ! ሁለተኛው መረጃ አንደኛውን በሁለት ማባዛት ብቻ ነው፤ ምንም አዲስ ነገር አልነገረንም። ትክክለኛው መልስ “አይበቃም” ነው።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን እዩ። አንዲት ልጅ ባለ 3 ብር እርሳሶችና ባለ 7 ብር እስክሪብቶዎች ገዛች (ዋጋው የድሮ ነው፣ ታገሱኝ)። ስንት እርሳስ ገዛች? አንደኛ፦ በጠቅላላው 33 ብር ከፈለች። ሁለተኛ፦ የገዛቻቸው ዕቃዎች በቁጥር 7 ናቸው። ቅድም የተበላው ልጅ አሁን ብልጥ ሆኖ ሁለቱን እኩልታዎች ይመረምራል፤ የተለያዩ ናቸው። “ሲደመሩ ይበቃሉ” ይላል። አሁንም ተበላ! ግማሽ እርሳስ የሚሸጥ ሱቅ የለም። አንድ እስክሪብቶ ከሆነ 26 ብር ይቀራል፣ ለ3 አይካፈልም። ሁለት ከሆነ 19፣ አይካፈልም። ሦስት ከሆነ 12 ብር ይቀራል፣ አራት እርሳስ። አራት ከሆነ 5 ብር፣ አይሆንም። ስለዚህ 33 ብር የሚለው መረጃ ብቻውን ይበቃል። ሁለተኛው የተቀመጠው ሊያታልልህ ነው።

እኔ ይህን የጥያቄ ዓይነት ሳየው መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቆይቼ ግን ወደድኩት። አንድ ሥራ አስኪያጅ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ይኼው ነው እኮ። “መልሱ ስንት ነው?” ሳይሆን “ለመወሰን የሚበቃ ነገር በእጄ አለ ወይስ ገና ልጠይቅ?” የሚለው። ችግሩ እኛ ያደግነው በሌላ መንገድ መሆኑ ነው። የእኛ የሒሳብ አስተማሪ “ስቴፑን አሳይ” ነው የሚለን። መልሱ ላይ ሳይደርስ እርሳሱን የሚያስቀምጥ ልጅ ሰነፍ ነው። የባንክ ቤት ሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ በአንድ ብር ልዩነት ሒሳብ አልዘጋ ብሎት ሲያመሽ የኖረ ሰው ነው። ጓደኛዬ እያንዳንዱን የ“ይበቃል ወይ” ጥያቄ እስከ መጨረሻው አስልቶ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምሮ ነው የሚያልፈው። በመጀመሪያው ፈተና ከ31 ጥያቄ 24ኛው ላይ እንዳለ ሰዓቱ አለቀበት። እስከዚያ የመለሰው አብዛኛው ትክክል ነበር ይላል፤ አምነዋለሁ። ጂማት ግን ሳይመለስ የቀረን ጥያቄ ክፉኛ ይቀጣል።

ሰዓቱ ራሱ ታሪክ አለው። እስከ 1997 ድረስ ፈተናው በወረቀት ነበር፤ ሁሉም በአንድ ቀን ተሰብስቦ አንድ ዓይነት ወረቀት ይሞላል። በዚያ ዓመት ወደ ኮምፒውተር ሲሄድ ግን የተቀየረው ወረቀቱ ብቻ አልነበረም። ኮምፒውተሩ እየተከተለህ ይፈትንሃል። መካከለኛ ጥያቄ ይሰጥሃል፤ ካገኘኸው ከበድ ያለ ያመጣል፤ ከሳትከው ቀለል ያለ። ውጤትህ የሚሰላው ስንት አገኘህ በሚለው ብቻ ሳይሆን ያገኘኸው ምን ያህል ከባድ ነበር በሚለውም ነው። ጎበዝ ሆንክም ሰነፍ፣ ማሽኑ የምትስትበትን ደረጃ እስኪያገኝ ድረስ አይለቅህም። ወደ ኋላ ተመልሶ ማረምም ለረጅም ዘመን ክልክል ነበር። “ከባዱን ዝለለው፣ ቀላሉን ሠርተህ ተመለስ” ብሎ ያሳደገን የማትሪክ ምክር እዚህ ዋጋ አጣ። መጀመሪያ 37 የሒሳብ ጥያቄ በ75 ደቂቃ ነበር፤ በ2018 ሲያሳጥሩት 31 ጥያቄ በ62 ደቂቃ ሆነ። ብታካፍሉት ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ካልኩሌተር የለም።

ፈተና ካለ አስጠኚ አለ። የዚህ ነገር አባት ስታንሊ ካፕላን ይባላል። የኒውዮርክ ልጅ ነው። ሐኪም ለመሆን አመልክቶ ሜዲካል ስኩሎች አልተቀበሉትም። አይሁዳዊ መሆኔና ከሕዝብ ኮሌጅ መውጣቴ ነው ያስመለሰኝ ብሎ ያምን ነበር። በ1938 ብሩክሊን በሚገኘው የወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተማሪ ማስጠናት ጀመረ። በ1946 አንዲት ተማሪ ለኤስ ኤ ቲ አዘጋጀኝ አለችው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ አላየም። ፈተና ባለቀ ቁጥር ተማሪዎቹን ሰብስቦ ፒዛ ይጋብዛቸው ነበር፤ እነሱ እየበሉ “እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣ” እያሉ ሲያወሩ እሱ ይጽፋል። (የእኛ አገር አስጠኚ ፒዛ ባይጋብዝም የፈተና ለት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አይታችሁ ይሆናል።)

ፈተናውን የሚያዘጋጁት ሰዎች ካፕላንን እንደ አጭበርባሪ ነበር የሚያዩት። ፈተናችን የሚለካው ተፈጥሯዊ ችሎታ ነውና በጥናት አይለወጥም ባዮች ነበሩ። ለገበያ ሲባል አይደለም፤ ይህ ከተነካ የፈተናው መሠረት ይናዳል። ነገሩ እየተካረረ ሄዶ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ካፕላንን መመርመር ጀመረ። ምርመራው የተጀመረው ሕዝብን ያታልላል በሚል ጥርጣሬ ነበር። በ1979 የወጣው ውጤት ግን ማስጠናት ቢያንስ ለአንዳንድ ተማሪዎች ውጤት ያመጣል የሚል ሆነ። ለካፕላን ከዚህ የተሻለ ነፃ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል? በ1984 ድርጅቱን የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ባለቤት ለሆነው ኩባንያ በ45 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ከዚያ በኋላ የፈተና ጥናት ግልጽ ንግድ ሆነ። ለጂማት ብቻ የተቋቋመ ማስጠኛ ድርጅት ሁሉ በኒውዮርክ ተከፈተ።

ሃርቫርድ ራሱ በ1980ዎቹ አጋማሽ ጂማት አልፈልግም ብሎ ለአሥር ዓመት ገደማ ያለ ፈተናው ተማሪ ተቀብሏል፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን ተመለሰበት። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረ ትምህርት ቤት መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ሌላው አስገራሚ ነገር የእስያ ልጆች ጉዳይ ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ሆኖ ዓለምን ሲያዳርስ ቻይናና ህንድ ገቡበት። ለዓመታት የሒሳቡ ከፍተኛ ውጤት 51 ነበር። በ2014 በወጣ መረጃ የእስያና የፓሲፊክ ተፈታኞች አማካይ 45፣ የአሜሪካኖቹ 33 ነበር። ፈተናውን የፈጠሩት አሜሪካኖች በራሳቸው ፈተና ተበለጡ! 51 ያመጣ ሰው ቁጥር በመብዛቱ፣ ድሮ ብዙ ሰው ትበልጥበት የነበረው ውጤት ቀስ በቀስ ዋጋው ወረደ። አንዳንድ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ቅሬታ አቀረቡ፤ የፈተናው ባለቤቶችም በ2013 አመልካችን ከራሱ አካባቢ ሰዎች ጋር ማወዳደሪያ መሣሪያ አዘጋጅተው ሰጧቸው። ትዝ ይላችኋል፣ ፈተናው የተፈጠረው ሁሉንም በአንድ መለኪያ ለመለካት ነበር።

በ2023 መጨረሻ ላይ አዲሱ ጂማት ወጣ። የሒሳቡ ክፍል 21 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ሆነ፤ አሁንም ሁለት ደቂቃ ከምናምን። “ይበቃል ወይ” የሚለው ጥያቄ ከሒሳቡ ወጥቶ የመረጃ ትንተና ወደሚባለው ክፍል ሄደ፤ እዚያ ካልኩሌተር ይፈቀዳል። ተመልሰህ እስከ ሦስት መልስ ማረምም ተፈቀደ። ጂኦሜትሪ ከሒሳቡ ክፍል ጨርሶ ተሰረዘ። አሮጌው ፈተና በ2024 መጀመሪያ ላይ ቀረ።

እኛ አገርም እንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ላይ አፕቲትዩድ የሚባለውን የተፈተነ ሁሉ ጣዕሙን ያውቀዋል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ማስተርስ ለመማር አገር አቀፍ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። ስድስት ኪሎ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራ አላጡም።

ጓደኛዬ ለሦስተኛ ጊዜ ሊፈተን እያጠና ነው። የፈተናው ክፍያ ብቻውን ከ250 ዶላር በላይ ስለሆነ ይኼኛው የመጨረሻዬ ነው ብሏል። ባለፈው ቅዳሜ ካፌ ውስጥ ሰዓት አስይዤው አሥራ አምስት የ“ይበቃል ወይ” ጥያቄ ሠራ። እርሳስ ቀማሁት፤ በአፉ ብቻ እንዲመልስ። አሥራ ሁለት አገኘ፣ ሰዓትም ተረፈው። ሒሳብ ስንከፍል አስተናጋጁ 20 ብር አብልጦ ቆጥሮ ነበር፤ እሱ ነው የደረሰበት። ስንወጣ ያቺን ጥቁር ጥራዝ አየኋትና “ጂኦሜትሪው ተሰርዟል እኮ፣ መቶ ገጽ ይቀልልሃል፣ ቅደደው” አልኩት። አይቶኝ ዝም አለ። ከዚያ “ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ” አለኝና ጥራዟን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ታክሲ ተሰለፈ።